ውኃው እስኪሸሽ

ማሳዬ ገና ውኃ ነው፤ ቀረሶ ይዋኝበታል፣
ለሽንኩርት ያሰብኩት መደብ፣ አምባዛ ይፈነጭበታል፤
ጥቅምት ከገባ ሰነበተ፣ ዝናቡም ተሰናብቷል፣
ጣና ግን መቼ ቸኩሎ! ከአጥራችን ሥር ተኝቷል።

እኩል አራሾች ነን ከሱ ጋር፤ ውል የለ፣ ማኅተም የለ፣
ክረምት የወሰደውን መሬት፣ በጋ ሲመጣ እየጣለ።
እስቲ በሽምብጥ ዳርቻ፣ ማነው ከሱ በቀር
የሰው መሬት ወስዶ፣ ደለል ደርቦ የከፈለ?

እንየው በየማለዳው ሱሪውን አጥፎ ይወርዳል፣
ከውኃው ጠርዝ፣ ከጭቃው ላይ፣ ሸንበቆ ይተክላል፤
ማታ ሄዶ ይለካና
"አንድ ስንዝር ሸሸ!" ይላል።
ትናንት ግማሽ ስንዝር ነበር፤ ከትናንት ወዲያ ምንም።
ሠላሳ ዓመት የጀልባ ትኬት የቆረጠ ሰው
ጡረታ ቢወጣም፣ መቁጠር አይተውም።

እኔ ደግሞ ደብተር አለኝ፣ ባለ ካሬ፣ የልጄ የሒሳብ ደብተር፣
ከአምናው ማካፈል ጀርባ የዘንድሮን ጓሮ ስሠምር፦
እዚህ ሁለት መደብ ቲማቲም፣ እዚያ ጥግ ቃሪያ፣
ዳር ዳሩን ነጭ ሽንኩርት፣ ለተባይ መከላከያ፤
ጥቅል ጎመን...
እዚህ ላይ እርሳሴ ቆመ፣
የአምናው ሌሊት ትዝ ቢለኝ፣ ሆዴ ታመመ።

በአንድ ሌሊት ነው እኮ! ሰማንያ ሁለት ራስ ጎመን፤
ጉማሬው አልሮጠም፣ አልቸኮለም፣ ተራ በተራ ነው ያወደመን።
ጣሳ ደበደብን፣ ጮህን፣ ባትሪ አበራንበት፣
ዞር ብሎ ገልመጥ አርጎን፣ ማኘኩን ቀጠለበት።
ሲነጋ ጉቶውን አገኘነው፣ ከጎኑም ክምር እበት፤
እኔ እንባ ሲተናነቀኝ፣
እንየው "ከፍሎ ነው የሄደው" ብሎ ሳቀበት።

ባንቺአምላክ ከአጥሩ ማዶ የወተት ጣሳዋን ከፍታ
ዘሯን ታሸታለች፣ አንዷን በጥርሷ ሰብራ፣ ቀምሳ፣ አይታ።
"ዱባ ዝሪ" ትለኛለች፣ "ዱባ ቃሉን አይከዳም፤
ቲማቲምሽ ሙሽራ ነው፣ ሚዜ ካልያዘው አይነሳም።"
እንየው ነጭ ሽንኩርት ይላል፤ የኪሎውን ዋጋ ከገበያ ሰምቶ
ሌሊት ሲባዛ ያድራል፣ በጣቱ፣ ትራሱ ላይ ተኝቶ።

ነፋሱ እንቦጭ አምጥቶ ከደንገሉ ሥር ሲጥለው
መንደሩ ሁሉ ቆሞ ረገመው።
እኛም ረግመነዋል።
ግን ሳያብብ ጎትተን፣ ከምረን፣ ፀሐይ መታው፤
አሁን እጄን ስሰድበት ይሞቃል፣ ይጠቁራል፣
እርጉምም ቢሆን፣ ሲበሰብስ አፈር ይሆናል።

አንድ ነገር ግን አለ፣ ለማንም ያላወራሁት፤
በደብተሩ የመጨረሻ ገጽ፣ በእርሳስ ያቀለምኩት
አንዲት ካሬ።
ሱፍ ነው። ለዘይት አይደለም፤ ለገበያም አላልኩት።
አንገቱን ይዞ ፀሐይን ሲከተል፣ ከጠዋት እስከ ማታ፣
ተቀምጬ ላየው ነው፤ በቃ፣ ያለ ምንም ውለታ።

ዛሬ ጎሕ ሳይቀድ እንየው "ነይ! ነይ!" እያለ ጠራኝ፣
ጫማዬን ሳልፈልግ ወረድኩ፤ ጭቃው ቁርጭምጭሚቴን ዋጠኝ።
ሸንበቆው ደርቆ ቆሟል። ከሱ ወዲያ
አንድ ክንድ መሬት፣ ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ፣
ገና ስም ያልወጣለት፣ የዓሣ ሽታ የሚረጭ።
መሐሉ ላይ ደግሞ
ባለ አራት ጣት ዱካ፣ ሰፊ፣ ውኃ ያቆረ፤
እንየው ፊቴን ፊቴን አየ፤ ምንም ቃል ሳይናገረኝ ቀረ።

ከነጠላዬ ጫፍ ቋጠሮ ፈታሁ፣
የባንቺአምላክን ዱባ፣ ሦስት ፍሬ አወጣሁ፤
ጉድጓዱን ቆፍሮልኝ የለ? ጎንበስ ብዬ
ከዱካው ከንፈር ላይ፣ አንድ በአንድ ቀበርኩ።

"ገና ነው እኮ" አለ፤ "ይበሰብሳል።"
"አውቃለሁ።"

ቤት ገብቼ እጄን ሳልታጠብ ደብተሩን ገለጥኩ፦
ጥቅምት አሥራ አንድ። ዱባ፣ ሦስት ፍሬ።
ቦታው፦ የጉማሬ ዱካ።