ያልተፈረመበት ቁጥር

መሐል ሜዳ፣ ካርድ ክፍል፣ የወሩ መጨረሻ፤
የጓሳ ንፋስ በመስኮቱ ስንጥቅ ይፈልጋል መሸሻ።
መዝገቡ ተከፍቷል። ሪፖርት ነገ ይሄዳል።
የጣቴ ጫፍ ደንዝዞ እስክሪብቶ ይጥላል።

አንዲት ካርድ ቀረችኝ፣
ከሁሉ ቀጭኗ፣ ከሁሉ የከበደችኝ፦
ተናኘወርቅ እንግዳሸት፣ ሃምሳ ሁለት ዓመት፣
ባና ሻጭ፣ የማማ ሰው፣ መድህን ያላት።
የሐኪሙ እጅ የጻፈው አንድ ቃል ነው፤ «ድካም»፤
ከሥሩ ፊርማው አለ፣ ሌላ ነገር የለም።

ከጀርባው ግን በስፒል የተያያዘች
የላብራቶሪ ብጣሽ፣ እሱ ከወጣ በኋላ የመጣች፤
የደም ስኳር፦ መቶ ሰማንያ ስድስት።
ፋንታነሽ በቀይ ከብባዋለች፣ እንደ ምስክር ጣት።

እጄን በላኝ።
የስኳር በሽታን ኮድ እንደ አባታችን ሆይ እደግመዋለሁ፤
ማን ያየኛል? ሣጥኑ ይሞላል፣ እኔም ቤቴ እገባለሁ።

አባቴ የወረዳ ፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር፤
ሠላሳ ዓመት የሰው ርስት፣ የሰው ድንበር
በዚያ ጠባብ ፊደሉ ሲያሰፍር።
አንድ ማታ ጠየቅሁት፦ «ምስክሩ እውነት ሲናገር፣
ዳኛው ገና ሳይፈርድ፣ አንተ አውቀኸውስ እንደሆን?»
ቀለሙን ከጣቱ እየጠረገ፦ «ባውቅስ? እኔ ማን ልሆን?
ያየ ይመስክር። የመዘነ ይፍረድ።
እኔ የተባለውን እጽፋለሁ፤
ከዚያ ያለፈ፣ ልጄ፣ የገደል ነው መንገድ።»

አልሰማሁትም። አምና በጥቅምት
የአንድ ጎረምሳ ወረቀት «ፖዘቲቭ» ቢል፣ ታይፎይድ ብዬ ጻፍሁለት፣
ሐኪሙ ያላለውን። በሽታው ሌላ ሆኖ ተገኘ፤
የእኔ ታይፎይድ ግን በመዝገቡ ላይ እንደተኛ ተኛ።
ወረቀቷ አልዋሸችም። ስም ያወጣሁት እኔ ነኝ፣
ሳልሾም ቄስ።

ካርዷን በጃኬቴ ሸሽጌ ወጣሁ።
ኃይለመለኮትን ከአጥሩ በር ደረስሁበት፣
ጉሙ እስከ ትከሻው ውጦት።
«ስኳር ነው?» አላልሁትም፤ መልስን በጥያቄ ማጉረስ ነውር ነው።
«ይቺን ወረቀት አይተሃታል?» ብቻ።
በስልኩ መብራት አነበባት፤ ገለበጣት፤ ደግሞ አነበባት።
«በልተው ነው? ጾመው ነው?» ወረቀቷ ዝም።
«እንግዲያው እኔም ዝም። ሐሙስ ማለዳ ሳይቀምሱ ይምጡ፣ ይደገም።»

ተመለስሁ። «ድካም» ብዬ ኮዱን ሞላሁ።
ሪፖርቱ ሄደ፤
ቁጥሩ ግን ከእኔ ጋር አደረ።

በማግስቱ ገበያ
እትዬ ተናኘ ከባና ክምር ኋላ ተቀምጠዋል።
«ንካው እስቲ ልጄ፣ የበግ ነው፣ አያስበርድህም።»
ነካሁት። «ሐሙስ ይመጣሉ አይደል?»
«ደውለው ነግረውኛል። ምን አገኙብኝ?»
«ይደገም ነው ያሉት» አልሁ፤ እውነቴን ነው፣ ሌላ አልተባለም።

ከቢጫ ጄሪካናቸው ቀዱ፤ ጠጡ። ደግመው ቀዱ።
አንድ።
ሁለት።
ሦስተኛውን አንገታቸውን ቀና አድርገው ሲያወርዱት
ቆጠርሁ፤
ቆጥሬም ዝም አልሁ።