ያልተቀባው ጥግ

በዘጌ ዕቃ ቤት፣ ከተቀደደ ከበሮ ጀርባ፣
በሰሌን ተጠቅልሎ አገኘሁት። ቅጽ ይዤ፣ በጀልባ
ከባሕር ዳር የመጣሁ ቅርስ መዝጋቢ ነኝ፣
«ርዝመት፣ ወርድ፣ ጉዳት» ብለህ ሙላ ያሉኝ።

አለቃ እንግዳሸት ነው የሳለው፣ በሃያ ሰባት፣
ጦርነቱ ሊገባ ሲል፣ ጣና በሞላበት ክረምት።

ጴጥሮስ ነው። እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ገብቷል፤
ከኋላው ታንኳው ባዶ ነው፣ ደንገሉ ረጥቦ ጠቁሯል።
ፊቱ ሙሉ፣ ዓይኑ ሁለት፣ እንደ ጻድቃን ወጉ፤
ግን ዓይኖቹ፣ ዋና እንደማይችል ሰው፣ ዳር ፈለጉ።
ውሃውም ሰማያዊ አይደለም፤ የነሐሴ ጣና ነው፣ ድፍርስ፣
የግልገል ዓባይ ጭቃ ከቀሚሱ ጠርዝ ሲደርስ።

በስተቀኝ ጌታ መቆም ነበረበት።
ምንም የለም።
ቀለም ያልነካው የአቡጀዲ ድር፣
እንደተሸመነ፣ ነጭ፣ ከተዘረጋው እጅ ሥር።

«አልቆበት ነው» አሉ መሪጌታው። «ወርቄው ቀለም
ከጎንደር ሊመጣ ቀጠሮ ነበረ፤
ጦርነት ሆነ፣ አለቃም ዘመተ፣ በዚያው ቀረ።»

አብሮኝ የመጣው ምሁር ሳቀ። «ቀለም መቼ አጣ?
ምሳሌ ነው እንጂ! የማይታየውን በምን ቀለም ያምጣ?»
የፈረንጆቹንም ጠቀሰ፣ በዚያ ዘመን ሕልም የሚስሉትን፣
ወንጌሉን በጥላ የሚጠቀልሉትን።

ተከራከሩ። እኔ በእርሳሴ ጫፍ
«ያለቀ፣ ያላለቀ» ከሚለው ሳጥን ደርሼ፣ ማን ደፍሮ ይጻፍ?

ወደቡ ላይ ጦይባ ደንገል በጉልበቷ ጠፍራ ታንኳ ታስራለች።
«ጴጥሮስ የምትሉት አያቴ እንድሪስ ነው» አለች።
«ሦስት ቀን ጎሕ ሲቀድ ውሃ ውስጥ አቆመው፤
ዋጋው አንድ አሞሌ ነበር፣ ግማሹ ዛሬም ዕዳ ነው።»
ከዚያ ቀና ብላ፦
«በዚያ ሰዓት ወደ ደቅ ብትዞር ምን ታያለህ?
ጉም። ከጉሙ ውስጥ ግን በስምህ ሲጠሩህ ትሰማለህ።
ማን እንደሆነ አታውቅም።
ትቀዝፋለህ።»

ስንመለስ የጀልባው ሞተር መሃል ሐይቅ ላይ ጠፋ።
ሾፌሩ ገመድ ሲስብ፣ ሲሳደብ፣ ሲለፋ፣
ምሁሩ ስልኩን ከፍ አድርጎ ኔትወርክ ሲያፈላልግ፣
ቅጹ ጉልበቴ ላይ ረጠበ፣ ከነባዶው ጥግ።

ከወዲያ ማዶ የሆነ ድምፅ መጣ፣
ጉማሬ ይሁን፣ ሰው ይሁን፣ እንጃ።

«አቤት!» አልኩ።