አምስት ነጥብ

«አድልዎ ምንድን ነው? በምሳሌ አስረዳ።»
ብዬ የጻፍኩት እኔ፣ ከጥቁር ሰሌዳ፤
አምስት ነጥብ የምሰጥ፣ አምስት የምነሳ፣
ቀይ እስክሪብቶዬን ከደረት ኪሴ ላይ ለአፍታ የማልረሳ፤
የዘጠነኛ ክፍል የሥነ ዜጋ መምህር፣
ከንፈሬ ሳይደርቅ ስለ እኩልነት ቀን ሙሉ የምመሰክር፤
የነጂባ አባ ቡልጉን፣ የገብሬ ሻዎን፣ የወንዳፍራሽን ስም
በየቋንቋው ዜማ በወጉ የምጠራ፣ አንዱንም ሳላጣምም።

ሐሙስ ነበር ዕለቱ።
ጥቅምት ቢገባም የጅማ ሰማይ አልፈካም ነበር ፊቱ።
ግማሹ የታረመ ወረቀት ታቅፌ ወደ ሂርማታ ወረድኩ፤
ድስት ልገዛ ነው፤ ሰኞ ማታ ሽሮ ጥጄ ረስቼ የድሮውን ሰነጠቅኩ።

ሸክላ ተራ ስደርስ
ወረደ ዝናቡ፣ አዌቱ ሽቅብ ወጥቶ በላያችን እንደሚፈስ።
«ግባ መምህር፣ ወረቀቱ ይበሰብሳል» አለችኝ ዲንቄ፣
(ስሟን ያኔ አላውቅም)
ላስቲኳን በዱላ ከፍ አድርጋ፤ ገባሁ ጎንበስ ብዬ፣ በጭቃው ተጨንቄ።
ድስቶቿን በጣቷ አንድ በአንድ ቆረቆረች፤
«ይሄ ይዘፍናል፣ ይሄኛው ይዋሻል» ብላ የሚዘፍነውን ሰጠች።
ዋጋም አልተከራከርን።
ዝናቡ እስኪያባራ ዝም ብለን፣ ትከሻ ለትከሻ ቆየን።

ከዚያ ከጀሪካኑ ቀዳች፤
በፕላስቲክ ኩባያ፣ ሰማያዊ፣ ጆሮዋ የተሰበረች።
«እንካ» አለች።

እጄ ራሱ አፈገፈገ፣ እኔን ሳያማክር።
አፌ ተከተለው፤ «ጾም ነኝ» አለ፣ ሳያፍር።

አየችኝ።
ኩባያውን ወደ ራሷ መልሳ ጠጣች፣ ቀስ ብላ፤
«ዘንድሮስ ሐሙስም ተጨመረ?» አለችኝ፣ ድስቴን በገለባ ጠቅልላ።

አፌ ዲግሪ አለው፤ እጄ ግን መሃይም ነው፣ ፊደል አልቆጠረ።
ማን ነው ያስተማረው? በየትኛው ክፍል፣ በየትኛው ሰሌዳ ተማረ?
«ከሸክላ ሠሪ እጅ አትጠጣ» ያለኝን አላስታውስም፤
እናቴ አላለችም፤ ጎረቤት አላለም፤
ግን ሁሉም ብለውታል፣ ቃል ሳይተነፍሱ፣ ኩባያ ሲመርጡ፣ ሲያለቀልቁ፣
ሲደግሙ ማለቅለቅን፣ ሦስተኛም ሲጨምሩ፣ ልጅ እያየ መሆኑን ሳያውቁ።

እኔኮ የኦይቻ ልጅ ነኝ!
ከዳውሮ መጥቶ፣ በቡና መጋዘን ጆንያ ተሸክሞ፣ ጎብጦ ያሳደገኝ።
«ና አንተ» እንጂ ስሙን አልጠሩትም ሃያ ሁለት ዓመት፤
የሱ መጠጫ ጣሳ ነበረች፣ ለብቻዋ፣ በደጅ ምስማር ላይ፣ ከቤት የማትገባ ለአንድ ሌሊት።
ዝናብ ሲመታት ትጮህ ነበር።
ምሳውን ይዤ ስሄድ እሰማት ነበር።
ያቺን ጣሳ ማን አወረሰኝ? ከየት አነሳኋት?
መች ነው ከምስማሩ አውርጄ ለሌላ ሰው የሰቀልኳት?

ማታ ድስቱን ጣድኩ። እውነትም ዘፈነ፤ ሽሮው ተንተከተከ።
ቀይ እስክሪብቶዬ እንደ ልማዱ ሊፈርድ ተነሳ፣ ደግሞም ተንበረከከ።
ረቡዕ ያረምኩት፣ ከላይ የነበረው፣ ዳሩ በዝናብ የራሰው፣
የሶሬቲ ነበር፤ ከኋላ ወንበር የምትቀመጥ፣ ስሟን እንጂ ድምጿን የማላውቀው።
«አድልዎ ማለት የእናቴ ድስት ከቤት ሲገባ፣ እናቴ ከደጅ ስትቀር ነው» ይላል፤
ከሥሩ በቀይ፣ በገዛ እጄ፣ «ከመጽሐፉ ተመልከቺ። ሁለት ከአምስት» ይላል።

አምስት ላድርገው? ጉቦ ነው። ሁለት ልተወው? ውሸት።
እንዳለ ተቀመጠ፤ እስክሪብቶው ክዳኑ ተከፍቶ ደረቀ በዚያች ሌሊት።

በሳምንቱ ሐሙስ ሆን ብዬ ውሃ ሳልጠጣ ወረድኩ፤
ጥሜን እንደ ማመልከቻ ይዤ ፊቷ ቆምኩ።
ፀሐይ ወጥቷል። «እንዴት ነው ድስቱ?» አለች፤ «ይዘፍናል» አልኳት።
ስለ ልጅቷ ላወራ ስል ገዢ መጣባት።
ኩባያዋ እዚያው ናት፣ ሰማያዊ፣ በጀሪካኑ አናት ተደፍታ፤
አላቀረበችልኝም። ሰላም ግን አለችኝ፣ ከልቧ፣ ረጋ ብላ፣ ቆይታ።

«ጠማኝ» ማለት ሦስት ፊደል ነው።
ዲግሪ ያለው አፌ ሲቆጥራቸው ዋለ።