ሁለት ደቂቃ

ማክሰኞ ማታ ነው። ውጭ በረዶ ጥሏል፤
የኢሳልሚ ትምህርት ቤት አዳራሹ በርቷል።
«ፍሎርቦል ለጀማሪ ሴቶች፣ ከሃምሳ በላይ» ይላል
በሩ ላይ የተለጠፈው። ጉልበቴ ይንቋቋል፣
ጫማዬ በወለሉ እንደ አይጥ ይጮኻል።

አሠልጣኛችን ፒህላ፣ አሥራ ስድስት ያልሞላት፣
ጥርሷ በሽቦ የታሰረ፣ ፊሽካ ከአንገቷ የማይለያት፣
ዱላውን ከእግሬ ጣት ቀጥ አድርጋ አቁማ፣
ጫፉን ከእምብርቴ ጋር እንደ ልብስ ሰፊ አጋጥማ፣
«ካጠረ ወገብሽን፣ ከረዘመ ክንድሽን
ይበላዋል፤ በይ አሁን እጠፊ ጉልበትሽን።»

ኳሷ ነጭ ናት፣ ባዶ ናት፤ ሃያ ስድስት ቀዳዳ፣
ሠላሳ ዓመት በመጋዝ ቤት ጣውላ የቆጠረ ዓይን አይከዳ።
እፍ ቢሏት ትሄዳለች፤ ሲይዟት ትጠፋለች፤
ፒህላ ግን በዱላዋ እሹሩሩ ትላታለች፤
ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ፣ ሳትለቅ፣ ሳትመታ፣
ዓይኗ ግን ሜዳው ላይ ነው፣ ቀና ብሎ፣ በእርጋታ።

ከዚያ ሕጉን ነገረችን፦
«በእጅ መንካት የለም፣ በራስ መምታት የለም፣
ኳስን ተከትሎ መዝለል አይፈቀድም።
በእግር ማስተካከል አለ፣ በእግር ግን ጎል የለም።
የሰው ዱላ መምታት፣ ማንሣት፣ ክልክል ነው፤
ቅጣት ምት ሲሰጥ ደግሞ ሦስት ሜትር መራቅ ነው።»

ሦስት ሜትር።
ከዚያ ማዶ ሂልካ አለች። እህቴ። የእናቴ ልጅ።
ዘጠኝ ዓመት ያልነካኝ፣ እኔም ያልነካሁት እጅ።
የለያየን የአባታችን ጫካ፣ አሥራ አንድ ሄክታር ጥድ፤
ሸጠችው ሳትነግረኝ። ከዚያ ወዲህ በመንገድ
ስትመጣ እሻገራለሁ፣ በዚያ አጥንት ሰባሪ ብርድ።
እሷም ሳታውቅ ተመዘገበች፣ እኔም ሳላውቅ መጣሁ፤
ፒህላ አንድ ቡድን ስታደርገን ዝም ብዬ ዱላዬን አነሣሁ።

ጨዋታው ተጀመረ። አምስት ለአምስት።
ግብ ጠባቂዋ ራውሃ ዱላ የላት፤ ተንበርክካ፣
መርፌ የጠፋባት ሴት መስላ፣ ወለሉን በመዳፏ ለክካ።
ሦስት ጊዜ ሳትኩ። በአራተኛው ደሜ ፈላና
ዱላዬን እንደ መጥረቢያ ከትከሻዬ በላይ አነሣሁና፣
ፊሽካ! «ታይሚ! ከወገብ በላይ! ሁለት ደቂቃ፣ ውጪ!»
«ማንንም አልመታሁም» ብል፣ «ሕግ ነው» አለች፣ «ተቀመጪ።»

ተቀመጥኩ። ሰዓቱ ከፊቴ፣ በግድግዳ
ይቆጥራል፤ ቡድኔ በአራት ሰው ቀረ በእኔ ዕዳ።
ሂልካ የእኔንም የእሷንም ሮጠች፣ ፊቷ ቲማቲም መስሎ፤
ወደ እኔ አልዞረችም። እኔ ግን አየኋት፣ ዓይኔ እምቢ ብሎ።

ሁለት ደቂቃ። ይኸው ነው? የጥፋት ዋጋው ይህ ነው?
ላብሽን ጠርገሽ፣ ውሃሽን ጠጥተሽ፣ ሲሞላ ተነሥተሽ ነው
የምትገቢው? ማንም ምንም ሳይልሽ?
እኔ ሂልካን ዘጠኝ ዓመት አስቀመጥኳት ከአግዳሚ፣
ሰዓት የለ፣ ፊሽካ የለ፣ «ይብቃት» ባይ የለ፣ ሰሚ።

ሞላ። ገባሁ። ከአጥሩ ጥግ ተንከባላ ኳሷ መጣች፤
አልመታኋትም። ተቀበልኳት፤ ከዱላዬ ሥር ረጋች።
ቀና አልኩ፣ ፒህላ እንዳለችው። ሁለት ሰው ነበር ነፃ፤
አንዷ ቅርብ። አንዷ ሂልካ፣ ከጎሉ ፊት፣ አፏን ከፍታ፣ ላቧ ገንፍሎ ወጥቶ ፊቷን አጥቦ ገላዋን ሁሉ ለብሷት፣ እንደ ልጅነታችን፣ ጠጉሯ ተበታትኖ።

አቀበልኳት።

ኳሷ ሄደች፣ በቀዳዳዎቿ ሁሉ እያፏጨች፣
በሂልካ ዱላ ሥር አልፋ ከአጥሩ ጋር ተላተመች።
ራውሃ ሳቀች። ሂልካ ልታመጣት ሄደች፤ ጎንበስ ስትል
አቃሰተች፣ ልክ እንደ እናታችን፣ «ውይ ወገቤን» ስትል።
ስትመለስ በአጠገቤ አለፈች፤ ሦስት ሜትር የማይሞላ ርቀት።
ቆመች። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያዘጋጀሁት መልስ ነበረኝ፣ ለስንት ዓይነት ወቀሳ፣ ለስንት።
«ኳስ» አለችኝ፣ «እንዲህ አይላክም፣ በጉልበት።»
«እሺ» አልኳት።
ፒህላ ከመሐል ሜዳ ጮኸች፦
«ዱላ ዝቅ! ዓይን ቀና! እጠፉ ጉልበት!»