በግራ ጎን

በእጄ አንጓ ነው የገቡት፣ ሰዓቴን በማስርበት፣
ክር የምታህል ሽቦ እስከ ልቤ የላኩበት።
ነቅቼ ነበር። ሐኪሟ ስለ ኳስ እያወራች፣
«አሁን ትንሽ ይጨንቅሃል» አለች፤ ቆየት ብላ «አለፈ» አለች።
ሃያ ደቂቃ፣ ይኸው ነው፤ ጫማ የማያስጠርግ ጊዜ፤
ልቤ ውስጥ የብረት ወንፊት ትተው ሸኙኝ ወደ ትካዜ።
ሐምሌ ነበር፤ ቫልፓራይሶ ዝናብ የለበሰችበት፣
ባሕሩም እንደ አሮጌ ድስት ዝጎ የዋለበት።

እኔ ኤሌውቴሪዮ ነኝ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ
ሰው በፉርጎ አሳፍሬ፣ በብረት ገመድ፣ በገደሉ
ያወጣሁ፣ ያወረድኩ፦ ነፍሰ ጡር፣ ሰካራም፣ ሙሽራ፣
አንድ ጊዜ ፍየል፣ አንድ ጊዜም የሬሳ ሣጥን ከነአበባው ጋራ።
ማንም አልጠየቀኝም «ገመዱ ስንት ዓመቱ ነው?» ብሎ፤
ሳንቲሙን ሰጥቶኝ ይቀመጣል፣ ባሕሩን እያየ፣ ተደላድሎ።
ገመዱን የማውቀው እኔ ነበርኩ፤ በየማለዳው በመዳፌ
ስዳስሰው፣ የተበጠሰች ክር ስፈልግ፣ የግራሶ ጣዕም በአፌ።

የልቤን ገመድ ግን አልዳሰስኩም። ዘጠና አራተኛው ደረጃ ላይ፣
ሁለት ኪሎ ሽንኩርት እንደያዝኩ ወደቅሁ፣ ምድርን ከሰማይ ሳልለይ።
ሽንኩርቱ እየነጠረ ቁልቁል ሲወርድ ትዝ ይለኛል፤
ያው ድምፅ እስከ ዛሬ በሌሊት ያባንነኛል።

«ዳንክ» ይሉኛል፤ ወንድሜ፣ ቄሱ፣ ዳቦ ሻጩ።
እኔ ግን ዓሣ ገበያ ቆሜ፣ በረዶ ላይ የተጋደመ
አንድ ኮንግሪዮ አፉን ከፍቶ ሳይ፣ እንባዬ ከቃሌ ቀደመ።
«ዋጋው ነው?» አለች ዶኛ ኤርሜሊንዳ። ራሴን ነቀነቅሁ፤ ምን ልበላት?
ቀነሰችልኝ። እስካሁን እውነቱን አልነገርኳት።

ማክሰኞና ሐሙስ፣ በሆስፒታሉ ምድር ቤት፣
በሚሮጥ ምንጣፍ ላይ እንራመዳለን፣ የትም ላንደርስበት።
የጉምሩክ ጡረተኛው ዶን አብዶን፣ ላቡን በፎጣ ጠርጎ፣
«የእኔ አራት ናቸው፣ ያንተስ?» ይላል፣ እንደ ኒሻን አድርጎ።
«አንድ ብቻ» እለዋለሁ፣ አፍሬ። ይስቃል። እስቃለሁ።
በሳቁ መሃል ደረቴን ቀስ ብዬ እነካለሁ።

ሌሊት ነው ክፉው። በግራ ጎኔ መተኛት ትቻለሁ፤
ያችን ወንፊት የምጨፈልቃት ይመስለኛል፤ ፈርቻለሁ።
«አትጨፈለቅም እኮ» ብላ ሐኪሟ ስቃብኛለች፤
ነፍስ ግን በእኩለ ሌሊት የሐኪም ቃል መቼ ትሰማለች?
ኖልፋም አትተኛም። የተኛች መስላ ትንፋሼን ትቆጥራለች፤
ስነቃ ዓይኗን ትጨፍናለች፣ ሳንቀላፋ ትገልጣለች።
በአንድ አልጋ ሁለት ሌባ፣ አንዱ ካንዱ ተደብቆ።

አንድ ምሽት ጨው የሌለው ሾርባ አቀረበች፤ ጮህኩባት። ሳህኑ ወድቆ
ደቀቀ። ጎንበስ ብላ ስብርባሪውን ለቀመች፤
«ሽንኩርት አምጣ ብዬ የላክሁህ እኔ ነኝ» አለች። ቆመች።
ሦስት ወር ሙሉ ይህን ይዛ ነበር።
እኔ ደግሞ የታመምኩት እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር።

ጥቅምት ላይ ወደ ፉርጎዬ ሄድኩ፤ እንደ ማንም መንገደኛ።
የእኔን ቦታ የያዘው የርኮ፣ ያ ልጅ፣ ያ ነገረኛ፣
«ካንተማ አልቀበልም» አለ። ሳንቲሙን በግድ አስያዝኩት።
ገመዱ ሲንሲያጠጥ ሰማሁ፤ ጥያቄው ምላሴ ላይ ደረሰ፤ ዋጥኩት።
ባሕሩን አየሁ። አንዲት መርከብ ኮንቴይነር ታራግፋለች፤
አጠገቤ አንዲት ልጅ ብርቱካን ትልጣለች።
ወጣን። ይኸው ነው። ወጣን።

ያን ሌሊት ለረጅም ጊዜ ጣሪያውን አየሁ።
ከዚያ ዞርኩ። በግራ ጎኔ።
ኖልፋ የምትተኛው በግራዬ ነው፤
ሦስት ወር ጀርባዬን ነው የሰጠኋት።
ዓይኗን ልትጨፍን ስትል አየኋት።
አልጨፈነችም።