የጨረጨራ በረኛ

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ውሃ ስለካ ኖርኩ፣
በክረምት ከፈትኩኝ፣ በበጋ ቆለፍኩ።
ጎርፍ ያመጣው ግንድ፣ የተቀደደ መረብ፣ ጄሪካን፣ ደንገል፣
በመንጠቆ ስቤ ከበሩ አፍ ስነቅል፣
ሱሪዬ እስከ ጉልበት ረጥቦ ስውል።
በኔ ጊዜ የጣና መውጫው አንድ፣ እሱም ጨረጨራ፣
(የበለሱ ዋሻ ኋላ ነው የተሠራ)
እሱ ሲደፈን ነው ውሃ የሚያስፈራ።
ይህን ለስንት ጀማሪ ሳስተምር የኖርኩት፣
ለገዛ ዓይኔ ነው ሳልነግር የቀረሁት።

መጀመሪያ የመጣው ሞራ ነው። ይታወቃል።
አባቴም ነበረው፤ በዕድሜ ይጠበቃል።
«ይብሰል» አሉኝ ሰዎች፣ እንደ ማንጎ ፍሬ፣
«ሲበስል ይገፈፋል፤ አትቸኩል ዛሬ።»
አበሰልኩት እኔም።
በግራ ዓይኔ በኩል ሐይቁ ወተት ሆነ፣
ክብራን ከነዛፉ እንደ ጢስ በነነ።
ከጎን የመጣ ባጃጅ ትከሻዬን ሲገጨኝ፣
ሙዝ ሻጯ ቅርጫቷን ረግጬባት ስትረግመኝ፣
«ሞራው ነው» እል ነበር፤
ሞራው ጥፋቴን ሁሉ ሳያጉረመርም ተሸከመልኝ።

ክሊኒኩ በጠዋት ሞልቷል።
ሲስተር ውዳላት አገጬን ብረት ላይ አስደግፋ
«አይንቀሳቀሱ» አለችኝ።
ብርሃን መጣ፣ ቀጭን፣ እንደ ገርበብ ያለ በር።
ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፤ ብዙም አይናገር።
ከዚያ ጭራሽ ዝም አለ። ያንን ዝምታ አውቀዋለሁ፤
ውሃ ከመስመሩ ሲያልፍ እኔም ዝም እላለሁ።

«ሞራማ አለዎት» አለኝ፣ «ግን ብቻውን አይደለም።
ሌንሱ ጠርዝ ላይ ነጭ ብናኝ አለ፣ እንደ አመዳይ።
ይረግፋል። ዓይን ውስጥም ውሃ አለ፣
ይመነጫል፣ ይወጣል፤
ብናኙ ማፍሰሻው ላይ ይከማችና መውጫው ሲደፈን…»
«ግፊት» አልኩት።
ቀና ብሎ አየኝ።
«ማን ነገረዎት?»
«ጨረጨራ።»

እምቦጩን አይተሃል? መሃል ላይ አይነሳም፣
በዳር ነው የሚገባ፣ ድምፅ እንኳ አያሰማም።
መሃሉ ጥርት ብሎ ጀልባ ሲያንሸራሽር፣
ደንገሉን፣ ወደቡን አንድ በአንድ ሲሰውር፣
«ሐይቁ ደህና ነው» ይላል ሰው ከሩቅ ሲያማትር።
የኔም ዓይን እንዲያ ነው፤ ሳላውቅ ስንት ዓመት አደረ፣
ከባሕር ዳር ዳሩ ሄዶ፣ ባሕር ብቻ ቀረ።

ሞራን ሌባ ብዬ ስሙን ሳጠፋ ነበር፤
ለካ መጋረጃ ነው፣ ከኋላው ተደብቆ ሌላው ሲመዘብር።

«ሞራው ይወጣል» አለ ሐኪሙ፣ «በጥንቃቄ፤ ብናኝ ያለበት ዓይን ያስቸግራል።
የሄደው ዳር ግን አይመለስም። የቀረውን እንጠብቃለን።
ማታ ማታ ጠብታ። ጠብታው ካልበቃ
ሌላ መውጫ እንከፍታለን።»
«እንደ በለስ?»
ሳቀ። «እንደ በለስ።»

ጎርጎራ ላለው ወንድሜ፣ ለአንሙት፣ ደወልኩለት፤
«በዘር ይሄዳል ይላሉ፤ ዓይንህን አስለካ» አልኩት።
«እኔ? በኩራዝ መርፌ ቀዳዳ ክር የማስገባ ሰው!»
መሃሉን ነው የነገረኝ። እኔ የጠየቅኩት ዳሩን ነው።
በሚቀጥለው ሳምንት እመጣለሁ ብሏል፤
የአንሙት ሳምንት ደግሞ ወር ያህል ይረዝማል።

ሚስቴ ስሟ ያየሽ ነው።
ያያትስ እኔ ነኝ፣ የዛሬ አርባ ዓመት፣
ገበያ መሃል፣ በጎን በኩል፣ ሳልዞር፣
አሁን በሌለኝ በዚያ ጥግ።
ከዚያ ወዲህ ሁሌ በግራዬ ትቀመጣለች።
ትናንት ማታ ጠብታውን ይዛ መጣችና
በርጩማዋን አነሳች፣
ከግራዬ አዙራ ፊት ለፊቴ አኖረች።
«አሁንስ እታይሃለሁ?»
«ከነግልምጫሽ።»