ቀለሙን የሚጠይቅ መስመር

ብልቃጥ አጣቢ ነኝ፤ እዚህ ሃያ ዓመቴ፤
ከአሲድ የተረፈ ጣት ብቻ ነው ሀብቴ።

ነሐሴ ነው፣ አዳማ፤ ነፋስ ቆርቆሮውን ያነሳል፣ ይጥላል።
ኢፍቱ የመመረቂያ ሥራዋን ጀመረች፤
ሦስት ግራም ዱቄት ሚዛን ላይ ቆጠረች፣
ኒዮዲሚየም ኦክሳይድ፣ አመድ የመሰለ፣
ጥቂት ሰማያዊ አመዱ ውስጥ ያዘለ።
ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጠብ፣ ደግሞ ጠብ አለበት፤
ዱቄቱ ሳይጮህ ሟሟ፣ ጥርት አለ ድንገት።

ምድጃ ላይ አተነነችው።
ሲበርድ ጥግ ጥጉን ብልጭ አለ ጠጠሩ፤
የሷ ፊት ግን ጠቆረ፦
«ቢጫ ነው እኮ፣ ጋሼ! ብረት ገብቶበታል!
መጽሐፉ ሐምራዊ ይላል! ይሄማ ይደፋል!»

አልተከራከርኳትም። ጣሪያውን አየሁት፤
ያንን ነጭ ፍሎረሰንት ሲያንሾካሹክ ሰማሁት።
«ቆይ» አልኳት፣ «ዛሬ ሰኞ ነው። ስምንት ሰዓት ላይ
የኛ መስመር ተራ ነው።»

ጠበቅን።
ስምንት ከሩብ ላይ ማቀዝቀዣው ተነፈሰ፤
ፍሎረሰንቱ ድርግም። መጋረጃውን ሳብኩት።
ተርባይኖቹ ከሚዞሩበት ከኮረብታው በኩል
የደመና ቀን ብርሃን በመስኮት ዘለቀ፤
ከብልቃጡ ሆድ ውስጥ ቢጫው ተሰረቀ፤
ሐምራዊ ሆነ! ፈዘዝ ያለ፣
አስፋልት ላይ ያደረ የጃካራንዳ አበባ።

«ለምን አልነገሩኝም?» አለች ተቆጥታ።
ብነግርሽ ታምኚ ነበር?

ማድረቁ ሌላ ጣጣ። ሁለት ቀን ፈጀባት።
ስድስት ሞለኪውል ውኃ ጠጠሩን ይዞታል፤
ዝም ብለው ቢያነዱት ውኃው ይቀየማል፤
እንደ ክፉ ተከራይ አምፖል ነቅሎ ይወጣል፦
ክሎሪኑን ይዞ፣ ኦክስጅኑን ጥሎ።
የሚተርፍሽ ውኃ የማያሟሟው ትቢያ።
እና አሞኒየም ክሎራይድ ቀላቅላ አጀበችው፣
አየሩን እየሳበች፣ ሙቀቱን እያባበለች፣
እስኪወጣ፤ በሰላም።

በሦስተኛው ማታ ብልቃጡን አሸገች።
መለያው ላይ ጻፈች፦ ስም። ክብደት። ቀን።
«ቀለም» የሚለው ጋ ብዕሯ ቆመ።
ፍሎረሰንቱን አየች፤
መስኮቱን አየች፤ ጨልሟል።
ባዶውን ትታው ወጣች።

ጠዋት ዕቃ ላጥብ ገባሁ።
ማንኪያው ላይ የረሳቻት አንዲት ቅንጣት
ሌሊቱን የክረምቱን አየር ስትጠጣ አድራ
ጠብታ ሆናለች።
እጄ ወደ ማብሪያው ሄዶ ነበር፤ መለስኩት።
በመስኮቱ ብርሃን አየኋት፣
ከዚያ አጠብኳት።